በሪቨርስ የመጣ ስድብ

ወገን፣ ዛሬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ሙሉ ሰው እያየኝ ተሰደብኩ። እንደዛሬ ኮርቼም አላውቅም!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባዬን ከሦስት ወር በፊት ስትሮክ መታው። እግሩ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው፣ ተመስገን። ምላሱ ግን ተያዘ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጂቡቲን መንገድ በተሳቢ የተመላለሰ፣ ሲያወራ ጎረቤት የሚሰማው ሰውዬ ጭጭ አለ።

ስሜን ከአፉ ዳግመኛ አልሰማም ብዬ ፈርቼ ነበር። በጣም።

ሩዋንዳ ሰፈር ወዳለች አንዲት የንግግር ቴራፒስት ወሰድኩት። ገና በመጀመሪያው ቀን "አባትሽ ስቲሙሌሽን ያስፈልጋቸዋል" አለችኝ።

እኔ ደግሞ አዋቂ ነኛ! ራሴን ነቀነቅኩ።

በሆዴ ግን ግራ ገባኝ። ኮሌጅ እያለን መምህራችን የቀዘቀዘ ኢኮኖሚ ስቲሙሌሽን ይፈልጋል ይሉን ነበር። የእህቴ ልጅ ስትወለድም ሐኪሟ በቀለምና በድምፅ አጫውቷት፣ ስቲሙሌሽን ነው አለን። የአባዬ ክንድ ላይ ተለጥፎ ጣቶቹን ዘለል ዘለል የሚያደርጋቸው ኤሌክትሪክም ስሙ ያው ነው። አሁን ደግሞ ለምላስ? አንድ ቃል ስንቱን ይሸከማል!

ቴራፒስቷ ሁኔታዬ ገባት መሰለኝ። "ውስጣቸው የተኛውን የሚቀሰቅስ ነገር ማለት ነው። የሚወዱትን አቅርቢላቸው" አለችኝ።

የሚወደውን? ቀላል!

የድሮ ዘፈን ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። የኮረሪማ ብልቃጥ አፍንጫው ሥር ሳዞር አስነጠሰው። ሥዕል ያለበት የሕፃናት ካርድ ገዝቼ "አባዬ፣ ይኼ ምንድን ነው? ኳስ!" አልኩት።

ለተሳቢ ሾፌር ኳስ! ያየኝን አስተያየት ለማንም አልመኝም።

ዛሬ ከቴራፒ ስንመለስ መድኃኒቱን ልገዛ ፋርማሲ በር ላይ ለመቆም አሰብኩ። በሁለት መኪኖች መሃል አንዲት ጠባብ ቦታ አየሁ። በሪቨርስ ጀመርኩ።

የፋርማሲው ጥበቃ "ነይ፣ ነይ፣ ነይ... በቃ በቃ! ውጪና ድገሚው!" ይለኛል።

ደገምኩት። ሠለስኩት። በአራተኛው የኋላ ጎማዬ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣ። አጠገቡ ያለው ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ የያዘ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል!

"ስበሪው!"

ጥበቃው መስሎኝ መሪውን ወደ ሌላ በኩል አዞርኩት።

"ሰናይት! ስበሪው! መሪ ነው... ድስት አይደለም!"

አባዬ ነው።

አባዬ! ፊቱ ቀልቷል፣ ደህናው እጁ ዳሽቦርዱን ይደበድባል። "አንቺ ደንባራ! ማነው... መንጃ ፈቃድ... የሰጠሽ!"

መስኮቱ ክፍት ስለነበር በረንዳው በሙሉ ሰማ። ሳቁ!

እኔ መሪውን ለቅቄ አለቀስኩ። መኪናዋ መንገዱን ዘግታ ቆማለች፣ ከኋላ ክላክስ በክላክስ ሆኗል። አንድ የታክሲ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ "እህቴ፣ ቤትሽ ነው እንዴ?" አለኝ።

"አባቴ ተናገረ!" ብዬ ጮህኩ። "ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብሎ አሁን ተናገረ!"

ሰውየው እጁን ከክላክሱ ላይ አነሳ። "እንኳን ደስ አለሽ። አሁን ንጂ!"

እያለቀስኩ መንዳት ግን አልቻልኩም። በመጨረሻ ጥበቃው ቁልፉን ተቀብሎኝ በአንድ ጊዜ አስገባት። አባዬ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀለት። እኔን ነቅንቆልኝ አያውቅም፣ ልብ በሉ።

ወዲያው ለቴራፒስቷ ደወልኩ። እልል ልትል ምንም አልቀራት። "ሲናገሩ ምን እያደረግሽላቸው ነበር?" አለችኝ።

ቀጥ ብላ የቆመችውን መኪና ዞሬ አየኋት።

"ፓርክ... እያደረግኩ።"

እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ "ጎበዝ። በየቀኑ አድርጊላቸው" አለች።

ለካ ሰው የሚወደውን እየሰማ ዝም ሊል ይችላል። ልጁ መኪና ስታበላሽ እያየ ግን እንዴት ዝም ይላል? የእኔ አባት አልቻለም፣ ኩራቴ ነው!

እናንተ፣ ቦሌ ውስጥ ከሁሉም የሚጠበው ፓርኪንግ የት ነው? ሰው የሚበዛበት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።