ዘውዱ በምዕራፍ ሦስት ሞተ

ባል መጽሐፍ ውስጥ ሲሞት ቤት ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ ትርንጎ እዚሁ ደባርቅ አስተማሪ ናት። ሁለት ክረምት ሙሉ ደጅ ሳትወጣ ልብ ወለድ ጻፈች። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ስለወጣሁ፣ ሳነብ ድልድይ ላይ እንደደረሰች አህያ በየፊደሉ እቆማለሁ። ስለዚህ ጮክ ብላ ታነብልናለች። አራት ሰዎች የጠፋ ብራና ፍለጋ እዚህ ተራራችን ላይ ካለው ከጨነቅ ይነሣሉ። ከኋላ ሽፍቶች ይከተሏቸዋል። ጭጋግ ነው፣ ገደል ነው፣ ጥይት ነው። ሽሮዬ አርሮ እየሸተተኝ እንኳ አልተነሣሁም።

መንገድ የሚመራቸው ዘገየ የሚባል በቅሎ ነጂ ነው። የፊት ጥርሱ አንድ የለም። በቅሎውን ዳሚትን በፉጨት ነው የሚያዛት። እንግዲህ የእኔው ባል ዘውዱ ከጨነቅ አምቢኮ የእንግዳ ጓዝ ሲያመላልስ የኖረ ነው፤ ያንን ገደል ለእሱ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የፊት ጥርሱንም ያወለቀችው ዳሚት የምትባል የራሱ በቅሎ ናት። ምዕራፍ አንድ ላይ ፈገግ አለ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ደረቱ ተነፋ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ገደል ገባ።

ትርንጎ ገጹን ገለጠች፤ ሰዎቹ ወደ ገደሉ አንዴ ተመለከቱና ጉዟቸውን ቀጠሉ።

«ቀጠሉ?» አለ ዘውዱ። ጋቢውን አንሥቶ ወጣ።

ልጅቱ ተጨነቀች። መጽሐፉ በሳምንቱ ማተሚያ ቤት ይገባል። አባቷ ካረፈ ወዲህ ያሳደጋት ዘውዱ ነው፤ እሱ ሳይመርቃት ፈተና እንኳ ተቀምጣ አታውቅም። መርቁኝ ብትለው «የገደለኝን አልመርቅም» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሦስት ቀን ሙሉ ከበቅሎዋ ጋር እንጂ ከእኛ ጋር አላወራም።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት ላይ እኮ ነው» አልኩት።

«መሞቱንስ ልሙት። ግን ሳልቀበር? ሳይለቀስልኝ? አርባዬ ሳይወጣ? ያሳደግኳት ልጅ ገደል ውስጥ ታሳድረኝ?»

ለካ ነገሩ ይሄ ኖሯል። ሄጄ ለትርንጎ ነገርኳት።

«አክስቴ፣ ሽፍታ እያባረራቸው እንዴት ልቅሶ ይቀመጣሉ?»

«ሽፍቶችሽ የት ተወለዱ?»

«ጃናሞራ።»

«የጃናሞራ ሰው ልቅሶ አልፎ ሲሄድ አይተሻል?»

ብዕሯን አነሣች።

እሑድ ሰብስባ አነበበችልን። ሰዎቹ በገመድ ወርደው አስከሬኑን አወጡ። ከመካነ ብርሃን ቄስ መጡ፣ ፍትሐት ተደረገ። ሽፍቶቹም ደረሱ። ጠመንጃቸውን ዘቅዝቀው ከለቀስተኛው ጋር ቆሙ። አለቃቸው መቃብር ቆፈረ፣ ለአርባውም በግ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ማለ። ንፍሮ ተበላ። ከዚያ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው፣ ሰዎቹ ትንሽ እስኪርቁ ጠብቀውላቸው ማባረሩን ቀጠሉ።

ዘውዱ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። በራሱ ቀብር ላይ ያለቀሰ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «ብዕርሽ አይንጠፍ፣ የጻፍሽው ይነበብ፣ ስምሽ ከፍ ይበል» አላት። አሜን አልን።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ልቅሶ ውስጥ ለዘገየ ሚስት የደረሳት «ሚስቱ አለቀሰች» የሚል ብቻ ነው። ሁለት ቃል። እኔ ለሙሾ ከዳባት ድረስ የምጠራ ሴት ለገዛ ባሌ ሁለት ቃል? አኮረፍኩ። ትርንጎ እየሳቀች ብዕሯን አነሣች፤ እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ዘውዱ እጇን ያዛት። «ተይ ልጄ፣ እሷ ከጀመረች አታቆምም። ሽፍቶቹም ቆመው እየጠበቁ ነው።»