የጸጥታ ሠራተኛው

(ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ያለች የቆርቆሮ ቤት፤ የፓርኩ የላይኛው በር ጥበቃ ቤት ናት። ዘበኛው ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቷል። አጠገቡ ከከተማ የመጣች ወጣት አጥኚ ማይክራፎኗን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁማ በሹክሹክታ ታወራለች። ዘበኛው ከጠዋት ጀምሮ ሲታዘባት ቆይቶ በሆዱ አንድ ነገር ወስኗል፤ ይቺ ልጅ ትንሽ ፈዘዝ ያለች ናት።)

ዘበኛው፦ የለም አልኩሽ እኮ! ነብር ካልሽ፣ እሺ። ጅብ ካልሽ፣ ሞልቷል። ድመት ግን የለም!

አጥኚዋ፦ (ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ በሹክሹክታ) ጋሼ፣ ድመት አላልኩም። ድምፅ! የማጠናው ስለ ድምፅ ነው።

ዘበኛው፦ እህ! ድምፅ በይኛ! ስለ ድምፅ የምታጠና ሴት ራሷ ድምፅ የላትም። ድንቄም አጥኚ!

አጥኚዋ፦ ማይክራፎኑ ክፍት ስለሆነ ነው። ወሬያችን እንዳይገባበት ብዬ...

ዘበኛው፦ እና ምን ሊገባበት ነው? ወሬያችን ካልገባበት ባዶውን ነው የሚመለሰው። ከተማው በጫጫታ ሊፈርስ ደርሷል፤ እናንተ ጫጫታ ፍለጋ ጫካ ትመጣላችሁ። ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል?

አጥኚዋ፦ የፓርኩን ጸጥታ ለመለካት ነው የላኩኝ።

ዘበኛው፦ ጸጥታ? ታዲያ እኔን አትጠይቂም? ስማ በለው! የጸጥታ ሠራተኛ ከፊትሽ ተጎልቶ አንቺ ሽቦ ትጎትቻለሽ። ጸጥታ ማስከበር ሥራዬ ነው፤ አስከብሬያለሁ። አለቀ።

አጥኚዋ፦ እሱ እኮ ጥበቃ ማለት ነው እንጂ...

ዘበኛው፦ ሌባም አባርሬያለሁ፣ አውሮፕላንም አባርሬያለሁ። ታች ያለውን ሜዳ አየሽው? ዱሮ የጎብኚ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር። ከሜዳው ላይ ድኩላ የማባርረው ማን ነው? እኔ! ሞተሩ አጠገቤ እያጓራ፣ አቧራው አፌ ውስጥ እየገባ፣ ጠዋትና ማታ። አንድ ቀን ምርር ሲለኝ ቢሮ ሄድኩና ጠረጴዛ ደበደብኩ። ወይ እኔ ወይ አውሮፕላን አልኳቸው። ማረፊያው ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ሰማዩም ጭጭ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ አውሮፕላን በዚህ ድርሽ ብሎ አያውቅም።

(የዛፉ ቅጠሎች ተርገፈገፉ። ሜዳው ላይ የነበሩት ዝንጀሮዎች ወደ ቁጥቋጦው ሮጡ። አጥኚዋ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ቀና አለች። ዘበኛው ብርድ መትቷት ይሆናል ብሎ አዘነላት።)

አጥኚዋ፦ (እጇን ከጆሮዋ እያወረደች) ጋሼ፣ አሁን የሚሰማዎት ነገር አለ?

ዘበኛው፦ አዎ። ትንሽ ረሃብ።

አጥኚዋ፦ በጆሮዎ ማለቴ ነው!

ዘበኛው፦ በጆሮዬማ ምን ልስማ? ዝም፣ ጭጭ፣ ረጭ!

አጥኚዋ፦ ጫጫታ የለም?

ዘበኛው፦ ጫማዬ? ጫማዬ ምን ሆነ? (እግሩን እያነሳ) ትንሽ ተረከዙ ተበልቷል እንጂ ደህና ነው። አንቺ ግን ከሰማይ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ጫማ... ሐሳብሽን ሰብሰብ አድርጊ እንጂ የኔ ልጅ።

አጥኚዋ፦ (ጠጋ ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ) ነገ ስብሰባ አለ! የበረራ ድርጅቱ በረራ ልጨምር ብሏል! ፓርኩ ደግሞ አውሮፕላኖቹ ከኮረብታው ጀርባ ዞረው ይሂዱ ይላል! እንስሳቱ እየደነበሩ ነው! ማስረጃ ካላቀረብን እንሸነፋለን!

ዘበኛው፦ ይገርማል! እኔ ያባረርኳቸውን አውሮፕላኖች እናንተ ነገ በስብሰባ ልታባርሯቸው! ደሞ ከሻይ ጋር ይሆናል። የሌለ ነገር ማባረር እንዴት ይቀላል መሰለሽ። እስቲ ዝሆኑንም አብራችሁ አባሩልን፤ እሱም የለም።

(አንድ ሰፊ ጥላ ሜዳውን አቋርጦ ሽው ብሎ አለፈ። የጥበቃ ቤቷ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ዘበኛው ጥላውን በዓይኑ ሸኘው፤ ዘንድሮ ደመናው ይፈጥናል አለ በልቡ።)

አጥኚዋ፦ አሁንስ? የሚሰማዎት ነገር አለ?

ዘበኛው፦ ቅድምም ይሄንኑ ጠየቅሽኝ። ረሃቡ አልለቀቀኝም።

አጥኚዋ፦ የሞተር...

ዘበኛው፦ (ብድግ ብሎ) ማን ሞተ?!

አጥኚዋ፦ ማንም አልሞተም! ሞተር! የሞተር ድምፅ!

ዘበኛው፦ ኤጭ! የሰው ልብ ታወልቂያለሽ! (ይቀመጣል) ምን ይሁን፣ በአንቺ አልፈርድም፤ ዘንድሮ ሰው ሁሉ ቃል መትፋት አቅቶታል። ባለቤቴ ራሷ፣ ዱሮ ስትጣራ ጎረቤት ሁሉ አቤት ይል ነበር። አሁን ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ወሬ አይወጣትም። ልጆቼ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኝተው ሥዕሉን ብቻ ያያሉ። ምን ገዷቸው? እኔ ስከፍተው ደግሞ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ልክ እንደ አንቺ።

(አጥኚዋ የያዘችውን ሽቦ ለቀቀችው። ዘበኛውን ልክ አሁን እንደመጣ ሰው ትኩር ብላ አየችው። ዘበኛው አነጋገሩ እንደማረካት ገባውና ባርኔጣውን አስተካከለ።)

አጥኚዋ፦ ጋሼ... ጆሮዎን ሐኪም አይቶት ያውቃል?

ዘበኛው፦ ዶሮዬን?

አጥኚዋ፦ ጆሮዎን!

ዘበኛው፦ ዶሮዬን ሐኪም! አሁንስ ለየልሽ! ዶሮ ሲያማት ትታረዳለች እንጂ ሐኪም ፊት ተሰልፋ ትቀመጣለች? ይሄንንም አስተማሩሽ?

(አጥኚዋ መቅረጫ ማሽኗን አንስታ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አውጥታ፣ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ ብድግ አደረገችና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋችበት። ከዚያ የማሽኑን ድምፅ እስከ ጥጉ አዞረችው።)

ዘበኛው፦ ምን እያረግሽ ነው? ባርኔጣዬን... (እጁ አየር ላይ ቀረ።)

(አዳመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ፌዝ ቀስ በቀስ ወረደ።)

ዘበኛው፦ እሷ ናት።

አጥኚዋ፦ (በእጇ ምልክት፦ ማን?)

ዘበኛው፦ ቆርቆሮው ላይ የምትቆመዋ ወፍ። ጠዋት ጠዋት እዚህ አናቴ ላይ ነበር የምታፏጨው። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን እንዲህ ጠምዘዝ ታደርገዋለች... ይኸው፣ ይኸው! ከሄደች ቆየች እኮ። አውሮፕላኖቹ ሲቀሩ እሷም ቀረች። በጣም ነበር የከፋኝ፤ ለማንም አልነገርኩም እንጂ። የት አግኝተሽ ነው የቀረጽሻት?

አጥኚዋ፦ (ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ገለጥ አድርጋ፣ አፏን አስጠግታ) እዚሁ! ዛሬ ማለዳ!

ዘበኛው፦ ዛሬ ማለዳማ እኔ እዚህ ነበርኩ።

አጥኚዋ፦ ነበሩ! እሷም ነበረች!

(ዘበኛው ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። አጥኚዋ ቀረጻውን ወደፊት አሳለፈችው።)

ዘበኛው፦ (ፊቱን አጨፍግጎ) ይሄ ደግሞ ማን ነው? ማን ነው ይሄ ለፍላፊ? አፉን እንደ ጡሩንባ የከፈተ!

አጥኚዋ፦ እርስዎ ነዎት!

ዘበኛው፦ እኔ? እንዲህ ነው የምጮኸው?

አጥኚዋ፦ ከአውሮፕላኑ ቀጥሎ ሁለተኛ ነዎት!

ዘበኛው፦ (እያዳመጠ) «...አንድ አውሮፕላን በዚህ ድርሽ ብሎ...» አዎ፣ ብያለሁ። እንዲያውም ጥሩ አርጌ ነው ያልኩት... (ማዳመጫውን ከራሱ ላይ ነጥቆ አወረደው) ወይ ጉድ! ምንድን ነው ይሄ? ንግግሬን የዋጠው ምንድን ነው?

አጥኚዋ፦ ድርሽ የማይለው!

(ዘበኛው ባርኔጣውን ረስቶ ከዛፉ ጥላ ወጣ። ሜዳው መሐል ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማዩን አየ። ትንሽ እንደቆየ ከኮረብታው አናት ላይ አንድ ነጭ አውሮፕላን ብቅ አለ፤ ዝቅ ብሎ፣ በመስኮቱ የጎብኚ ፊት እስኪታይ ዝቅ ብሎ፣ በራሱ ላይ አለፈ። ሆዱ ውስጥ ትንሽ ንዝረት ተሰማው። ሌላ ምንም። ቀስ እያለ ወደ ጥበቃ ቤቷ ተመለሰ።)

ዘበኛው፦ ሄደዋል ብዬ እኮ ነው።

አጥኚዋ፦ ማረፍ ነው የተዉት ጋሼ። መብረሩንማ ጨምረዋል።

ዘበኛው፦ ስለዚህ የሄዱት እነሱ አይደሉም። የሄደው... (ጆሮውን በጣቱ ነካ) እሱ ነዋ።

(በዚህ መሐል የጥበቃ ቤቷ መደርደሪያ ላይ ያለው የሬዲዮ መገናኛ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ዘበኛው ከለመደው ጊዜ ብዛት ሳያስበው ብድግ ብሎ አነሳው።)

ዘበኛው፦ (በሬዲዮው) ሰላም ነው፣ ሰላም ነው! ምንም ችግር የለም! እግዜር ይስጥልኝ! (ዘጋው)

አጥኚዋ፦ (ክው ብላ) ጋሼ! ምን ብለው እንደጠየቁዎት ያውቃሉ?

ዘበኛው፦ ለዚህማ መስማት አያስፈልግም። ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ደህና ነህ ወይ ነው የሚሉኝ።

አጥኚዋ፦ አይደለም! አውሮፕላኖቹ ያስቸግራሉ ወይ ነው ያሉት!

ዘበኛው፦ ምን?

አጥኚዋ፦ አውሮፕላኖቹ! ዛሬም ያስቸግራሉ ወይ! ለነገው ስብሰባ!

ዘበኛው፦ እና እኔ ምን አልኩ?

አጥኚዋ፦ ሰላም ነው፣ ምንም ችግር የለም። እግዜር ይስጥልኝ።

(ዘበኛው ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። በየሳምንቱ ያቺ ቀይ መብራት ብልጭ ባለች ቁጥር ፈገግ ብሎ የመለሰው መልስ ሁሉ አንድ በአንድ መጣበት።)

ዘበኛው፦ አባራሪው እኔ ነኝ እያልኩ... ለካ ኑ ዝቅ በሉ፣ ኑ ቤት ለእንግዳ ስላቸው የኖርኩት እኔው ነኝ! ጠረጴዛ ደብድቤ አስወጥቼ፣ በሬዲዮ አስገባኋቸው! ጉድ እኮ ነው! በይ ሬዲዮውን አምጪው። አምጪው አልኩሽ! (ሬዲዮውን ከፍቶ) ቢሮ! ቢሮ! የጸጥታ ሠራተኛው ነኝ! ቅድም ያልኩትን ተዉት! እስከዛሬ ያልኩትንም ተዉት! አውሮፕላኑ አናታችን ላይ ነው የሚሄደው! ዝንጀሮው ይሮጣል፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል! (ለአጥኚዋ) ምን አሉ?

አጥኚዋ፦ በጆሮዎ ሰምተዋል ወይ ነው የሚሉት።

ዘበኛው፦ አልሰማሁም በያቸው! የሚሰማ ሰው ከፈለጉ ሌላ ዘበኛ ይቅጠሩ! የሞተር ጩኸት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለጉ ግን ነገ እኔን ይጥሩኝ!

*

(በማግስቱ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የስብሰባ አዳራሽ። ዘበኛው ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ የተላጨ አገጩን እየዳበሰ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። አጥኚዋ ከጎኑ ናት። ከጠረጴዛው ማዶ ከበረራ ድርጅቱ የመጣው ሰውዬ፣ ክራቫቱ የተስተካከለ፣ ድምፁ እንደ ማር የለዘበ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። አጥኚዋ ቀረጻዋን አሰምታ ጨርሳለች፤ ሰውዬው ማሽኑ አጋኖታል ብሎ ተከራክሯል። የፓርኩ ኃላፊ ሁለቱንም አይቶ መወሰን አቅቶት ግንባሩን ያሻል።)

የድርጅቱ ሰው፦ (በለሰለሰ ድምፅ) አባቴ፣ ከእርስዎ ጋር እንኳ አንጣላም። አውሮፕላኖቻችን ድምፅ የላቸውም።

ዘበኛው፦ ምን አልክ ልጄ?

የድርጅቱ ሰው፦ አውሮፕላኖቻችን ድምፅ የላቸውም።

ዘበኛው፦ ድመት የላቸውም? እሱማ ምን ያደርግላቸዋል?

የድርጅቱ ሰው፦ (ከፍ አድርጎ) ድምፅ! ድምፅ የላቸውም!

ዘበኛው፦ ይቅርታ ልጄ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ከእናንተ ሞተር አጠገብ ቆሜ ነው ያረጀሁት። ትንሽ ጠንከር አርገው።

የድርጅቱ ሰው፦ (ከወንበሩ ተነስቶ) አውሮፕላኖቻችን! ድምፅ! የላቸውም!

ዘበኛው፦ ትንሽ ቀረህ።

(ሰውዬው ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። ክራቫቱን አላላ። እጆቹን አፉ ዙሪያ አድርጎ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ ጮኸ።)

የድርጅቱ ሰው፦ አውሮፕላኖቻችን! ምንም! ድምፅ! የላቸውም!!!

(የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ምን ተፈጠረ ብለው በር ከፍተው አጮለቁ። የፓርኩ ኃላፊ መጀመሪያ ሰውዬውን፣ ቀጥሎ የዘበኛውን ጆሮ አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ አውሮፕላኖቹ ከኮረብታው ጀርባ ዞረው እንዲሄዱ የሚያዘውን ወረቀት ፈረመ። ዘበኛው ግን ሰውዬውን በሐዘኔታ እያየ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገለት።)

ዘበኛው፦ አሁን ገባኝ ልጄ። ይሄን ያህል ከጮህክማ፣ አንተም እንደኔ ሳትሰማቸው ቀርተህ ነው።