የሊቀ ምልክታት ግራ ዓይን

የትም መሥሪያ ቤት ይሁን፣ «እንዲሁ ሆነ» ሲባል የሚያማቸው አንድ ሰው አይጠፉም። ማንኪያ ከወደቀ እንግዳ ይመጣል፣ በር ከጮኸ የሚያማን ሰው አለ። ለእኛ ልብስ ስፌት ቤት የደረሱን እጅግ የተከበሩ ሊቀ ምልክታት ናቸው። ሹመቱን የሰጠናቸው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን የምር ይዘውታል። «እንዲሁ የሚሆን ነገር የለም!» ሳይሉ አይውሉም።

አንድ ሰሞን «ማክሰኞ መርፌ ይሰበራል» ብለው አወጁ። ስብርባሪውን በቆርቆሮ አጠራቅመው ቆጠሩልን፤ እውነትም ማክሰኞ ይበዛል። ጨርቅ ቆራጩ እኔ ነኝና አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ የምንሰፋው ሸራ ነው እኮ! ወፍራም ስለሆነ ነው የሚሰብረው።»

ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው በሐዘኔታ አዩኝ። «እሺ፣ ሸራው ከቀን ሁሉ ማክሰኞን ለምን መረጠ?»

መቀሴን አንስቼ ወደ ሸራዬ ተመለስኩ።

ከትምህርታቸው ሁሉ የማይነካው ግን የዓይን ነው። ቀኝ ከተርገበገበ ደስታ፣ ግራ ከተርገበገበ እንባ። የቁልፍ ተካያችን ግራ ዓይን የተርገበገበ ዕለት ሽንኩርት እንዳትከትፍ አስማሏት። ቤቷ ገብታ ባሏን አስከተፈችው። እሱ አለቀሰ፤ ሊቀ ምልክታትም «እንባው ከቤቱ አልወጣም» ብለው ድላቸውን መዘገቡ።

ባለፈው ወር ባለቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ የሚነገረን ቀን ሆስፒታል ተቀምጠን ሳለ፣ ሊቀ ምልክታት ሥራቸውን ጥለው ከች አሉ። መስኮት በሌለው ኮሪደር ጥቁር መነጽር አድርገዋል።

«ፀሐይ አስቸግሮኝ ነው» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ።

በምልክት ስስቅ የኖርኩት ሰውዬ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው የሚለው።»

«ምኑ ነው የሚለው?»

«ወንበሩ» አሉ፤ ከዚያ በላይ አላብራሩም።

ሐኪሟ ጠራችን። ካንሰር አይደለም። ባለቤቴ «እፎይ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሳምንቱን ሙሉ በደንብ የተነፈስኩት ያኔ ነው።

ወጥተን ስንነግራቸው ሊቀ ምልክታት እንባቸውን ሊጠርጉ መነጽሩን አወለቁ። ግራ ዓይናቸው ይርገበገባል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ከትናንት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ተወኝ ባክህ፣ እንዲሁ ነው። እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።»

«እንዲሁ የሚሆን ነገር የለም» አልኳቸውና አቀፍኳቸው።