ለሀያት የተመደበ ቅቤ

በየሰፈሩ የሌላውን ሰው ሆድ የሚያስተዳድሩ አንድ እመቤት አይጠፉም። ቀበሌው ሊቀመንበር ይቀያይራል፣ ካቢኔው ይገማገማል፤ እሳቸውን ግን ማንም አልመረጣቸውም፣ ማንም በግምገማ አያወርዳቸውም። ሆሳዕና ውስጥ ሀያት በምትኖርበት ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የያዙት ክብርት እትዬ ረምላ ነበሩ።

ክብርትነታቸው ቀጭን ሰው ማየት አይሆንላቸውም። ቀጭን ሰው ለእሳቸው ወይ ታሟል፣ ወይ ትዳሩ አልተመቸውም፣ ወይ አዲስ አበባ ከርሞ መጥቷል። ሀያት ከፎንቆ ተድራ የመጣች ሰሞን ክንዷን በሁለት ጣታቸው ለክተው፣ «ይቺ እንዴት አድርጋ ነው ልጅ የምትሸከመው?» አሉ። በማግስቱ ቡላ በቅቤ ይዘው ከተፍ አሉ። «ብዪ! ልጅ ማረፊያ ይፈልጋል።»

በአገሩ ወግ ቡላ በቅቤ የአራስ ምግብ ነው፤ ሴት ወልዳ ወገቧ እንዲጠና ትበላዋለች። እትዬ ረምላ ግን ልጁ እስኪመጣ ምን አስጠበቀን ብለው ከፊት ጀመሩት። የመጀመሪያው ዓመት አለፈ፣ ልጅ የለም። «አልጠገበችም» አሉ። ሁለተኛው አለፈ። «ባልየውም ከስቷል» ብለው ጀሚልን አብረው አካተቱት። ጀሚል በአይሱዙ ከሆሳዕና አዲሎ እህል የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ሲገባ ደግሞ እትዬ ረምላ የላኩት ሳህን ፊት ይቀመጣል። መንግሥት የአምስት ዓመት የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አውጥቶ ሽር ጉድ በሚልበት በዚያ ዘመን፣ በሰፈሩ ከዕቅድ በላይ የተፈጸመው የባልና ሚስቱ ክብደት ብቻ ነበር።

ሀያት ልብስ ሰፊ ናት። የራሷን ቀሚስ ጎን ሦስቴ ፈትታ ሦስቴ አስፍታለች፤ ለአራተኛ ጊዜ የሚፈታ ጨርቅ አልቀረም። ያገኛት ሁሉ «ማሻአላህ፣ ተመችቶሻል!» ይላታል፤ እሷም «አልሀምዱሊላህ» ትላለች። የወር አበባዋ ግን አንዴ ሁለት ወር፣ አንዴ ሦስት ወር ይጠፋባታል። በጠፋ ቁጥር ተስፋ ታደርጋለች፣ በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። የጀሚል እናት ምንም አትላትም፤ ዝምታዋ ግን በየዓመቱ እየረዘመ ነበር።

አንድ ጊዜማ ነገሩ ባሰ። የሰፈሩ ሴቶች የቅቤ ዕቁብ አላቸው። በየሳምንቱ እያንዳንዷ ያጠራቀመችውን ታመጣለች፣ ተራ የደረሳት ሁሉንም ትወስዳለች። የእትዬ ረምላ ተራ ሲደርስ የሀያትን ሆድ አስተዋሉና፣ «የእኔ ለሀያት ይሁን፤ ይኸው ፅንስ ይዛለች!» ብለው አወጁ። እልልታው ቀለጠ። ሀያት ግን አልያዘችም፤ ወፍራ ነው። እልል ላሉት ሴቶች አንድ በአንድ ማስረዳት አቅቷት ሳምንት ሙሉ ሱቋን ዘግታ ተኛች።

ስትነሳ ጀሚልን ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው። «እኔን ደግሞ ምን አመጣኝ?» እያለ ነው የሄደው። ሚዛን ላይ ወጥቶ መቶ አራት ኪሎ ሲባል ግን ደረቱን ነፋ። ዶክተር ሱራፌል የሚባለው ወጣት ሐኪም የሁለቱንም የምርመራ ውጤት አገላብጦ ካየ በኋላ እንዲህ አላቸው።

«ስብ ሲበዛ ሆርሞን ያዛባል። ሀያት፣ ያንቺ እንቁላል በጊዜው አይወጣም፤ የወር አበባሽ የሚዘበራረቀው ለዚህ ነው። ጀሚል፣ ያንተም ዘር ቁጥሩ አንሷል፣ እንቅስቃሴውም ደካማ ነው። ሌላ ችግር አላገኘሁም።»

«ጠግቤ በላሁ ብዬ ነው ልጅ ያጣሁት?» አለ ጀሚል። ደረቱ ወደ ቦታው ተመልሷል።

«አጥንታችሁ ይውጣ አላልኩም። ስምንት፣ አሥር ኪሎ ብትቀንሱ እንኳ ብዙ ነገር ሊስተካከል ይችላል። ቃል ግን አልገባላችሁም።»

ከመክሳቱ ይልቅ የከበደው ለእትዬ ረምላ መንገሩ ነበር። ሁለት ሳምንት ደበቁ። ሳህኑ ሲመጣ ሀያት አመስግና ትቀበላለች፣ ጀሚል በመኪናው ጭኖት ይሄዳል፤ የአዲሎ ጫኝና አውራጆች ፊታቸው ወዛ። በመጨረሻ ሀያት አላስቻላትም። እትዬ ረምላን በር ላይ አቁማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው።

እትዬ ረምላ ሳህኑን እንደያዙ ቀሩ። «እኔ ነኝ እንዴ ልጅ የከለከልኩሽ?»

«ኧረ አይደለም እትዬ! ወላሂ እንደሱ አላልኩም...»

አልሰሟትም። ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን አልመጡም። ሀያት እንዲህ ያለውን ነፃነት ስትመኝ ነበር፤ ሲመጣላት ግን ቤቱ ጭር አለባት። እናቷ ያለችው ፎንቆ ነው። በዚህ ከተማ በልታ እንደሆነ የሚጠይቃት ሌላ ሰው እንደሌለ ያኔ ገባት፤ እትዬ ረምላ ናፈቋት።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ በሩ ተደበደበ። እትዬ ረምላ ሸራ ጫማ አድርገው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ቆመዋል። «ያንን ቀጭን ሐኪም ሄጄ አፋጥጬዋለሁ። ያልሽው እውነት ነው። ተነሱ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው የፎንቆን መንገድ ይዘው ሦስቱም ይሄዳሉ፤ ክብርትነታቸው ከፊት፣ ጀሚል እያለከለከ ከኋላ። «ፍጠኚ! ፍጠን!» ይላሉ። በሄዱበት ሠርግ ሁሉ የጀሚልን ማንኪያ የሚቀሙት እሳቸው ናቸው። «ሐኪም ከልክሎታል!» ብለው ድንኳኑን ሙሉ ያሰማሉ። ጀሚል አፍሮ ያቀረቅራል፤ ዳምቦያ ድረስ ለሠርግ ቢሄድ እንኳ የሚያዩት እየመሰለው ይቀንሳል።

ስምንት ወር አለፈ። ሀያት አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሳለች፤ የወር አበባዋ ቀን ቆጥሮ መምጣት ከጀመረ ቆይቶ፣ አንድ ወር ደግሞ ቀረ። በዚህ ጊዜ ለማንም አልነገረችም። ብቻዋን ሄዳ ተመረመረች። ስትመለስ ጀሚል ደጅ መኪናውን እያጠበ ነበር፤ በአጥሩ ጥግ ሾልካ አለፈችው። በዚህ ምድር ይህን ልጅ የእሷን ያህል የፈለገ ሰው ቢኖር ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እትዬ ረምላ እንደሆኑ ታውቃለች።

«እትዬ፣ ያዝኩ። አሁን የእውነት ነው፣ ሐኪም አይቶታል።»

ለሁሉም ነገር አስተያየት የማያጡት እመቤት ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉ። ከዚያ ድንገት ቀና አሉ።

«ለጀሚል ነገርሽው?»

«ገና ነኝ።»

«ምን ያለሽ ነሽ! ሂጂ ንገሪው እንጂ!»

ሀያት እየሳቀች ሮጣ ከበሩ ሳትወጣ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሲያጣድፏት የከረሙት ሴት ከኋላዋ ጮኹ።

«ቀስ! ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ልጄ!»