ደራሲው ያልታወቀ

ሐረር ውስጥ ሠርግ ቤት የገባ ሰው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ያ ሁሉ ሴት ሲገባ ደጃፉ ላይ የሚከመረውን ጫማ አስቡት። ወርቃማው፣ ተረከዘ ረጅሙ፣ ገና ትናንት የተገዛው፣ ሁሉም እዚያው ተደበላልቆ ይውላል፤ ማታ እያንዳንዷ የየራሷን አጥልቃ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እዚህ ተወልጄ እዚህ ሳስተምር ኖሬ፣ ጫማዬ ተሰረቀ ያለች ሠርገኛ ሰምቼ አላውቅም። የሰው ጫማ በስህተት ቢያጠልቁ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው የሚመርጡት እነዚሁ ሴቶች ግን የሰው ዜማ ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ይወጣሉ። «ኧረ አስተማሪዋ፣ ዜማና ጫማ አንድ ነው እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ጫማ ሌላ ይገዛል።

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ቃሌ ቢሻክርባችሁ ታገሱኝ። ፈላና በር አካባቢ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ እትዬ ሰዓዳ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ከከተማው ውጭ ሶፊ የሚባል ገጠር እርሻ የነበራቸው ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ታላቋ ፈትያ ልትዳር ስትል እትዬ ሰዓዳ በሐረሪ ቋንቋ አንድ ዜማ አወጡላት። ራሳቸው ናቸው ያወጡት፤ ወጥ እያማሰሉ ሲያንጎራጉሩ፣ ሲያፈርሱና እንደገና ሲጀምሩ የሰማሁት እኔ ምስክር ነኝ። ዜማው ለሁለቱም ልጆች ነው፣ ግጥሙ ግን ለየራሳቸው። የፈትያው ግጥም አባቷ ወደ ሶፊ ሲሄዱ የሽርጣቸውን ጫፍ ይዛ እስከ በሩ ድረስ እያለቀሰች የምትሸኛቸውን ሕፃን ያነሳል። የታናሿን የኢክራምን «ተራዋ ሲደርስ፣ ኢንሻአላህ» ብለው ለማንም ሳይነግሩ አቆዩት።

በፈትያ ሠርግ ሴቶቹ መደቡ ላይ ተደርድረን ሳለ፣ እትዬ ሰዓዳ ከበሮውን ከመምታታቸው በፊት «ልጆቼ፣ ይቺን ስልክ አይስማት» አሉ። ሁላችንም እሺ አልን። ሳቅን፣ አለቀስን፣ እልል ብለን ወጣን። አንዷ ለካ ስልኳን ሻሿ ሥር ሸሽጋ ኖሯል። እስከ ዛሬ እኔ ነኝ ያለች የለችም።

ብዙም ሳይቆይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁት። የእትዬ ሰዓዳ ድምፅ ነው፣ ከሥሩ ኪቦርድ ገብቶበታል። ሽርጡና ልቅሶው ተቆርጦ ወጥቶ፣ በምትኩ አንድ ጎረምሳ የከተማዋን አምስት በሮች በየስማቸው እየጠራ ያሞግሳል። የተለቀቀበትን ገጽ ፈልጌ አገኘሁት። «ጥንታዊ የሐረር ዜማ፤ ደራሲው ያልታወቀ» ይላል። ደሜ ፈላ። ያልታወቀ? ታዲያ ትናንት ማታ ሽንኩርት የተበደርኩት ከማን ነው?

አቀናባሪው ሚኪ የሚባል የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ያለችው ስቱዲዮው ድረስ ሄድኩ።

«ቲቸር፣ እኔ በቴሌግራም ነው የደረሰኝ» አለኝ ወንበር እያቀረበልኝ። «ቅርስ እኮ ነው፤ የሕዝብ ነው።»

«ሕዝቡ ጎረቤቴ ነው» አልኩት። «ስሙም ሰዓዳ ይባላል።»

ክፉ ልጅ አይደለም፤ የበለጠ ያናደደኝም ይኸው ነው። ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ስማቸውን በትልቁ ልጻፍላቸው አለ። መልእክቱን ሳደርስላቸው እትዬ ሰዓዳ ትክ ብለው አዩኝ።

«ስሜ ምን ሊያደርግልኝ? ወላሂ አስቴር፣ ስም አልጠየቅኩም። ያጥፋልኝ። ኢክራም አለችብኝ።»

አጠፋው። ምን ዋጋ አለው! ዜማው በየስልኩ ገብቶ፣ የሙሽራ መኪና ያለ እሱ አይንቀሳቀስም ነበር። እባካችሁ አጥፉት ብዬ የለመንኳቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ወደነው እኮ ነው!» መውደድ ፈቃድ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ሕፃን ልጃችሁን ብወደው አዝዬው ልሂድ?

በቅርቡ የኢክራም ተራ ደረሰ። እትዬ ሰዓዳ ከበሮውን አንስተው ጀመሩ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርሱ ቤቱ በሙሉ ከአፋቸው ነጠቃቸው። አምስቱ በሮች ተራ በተራ ተዘፈኑ፤ ጭብጨባው ጣሪያ ሊያነሳ ደረሰ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የኢክራምን ግጥም ሊያስገቡ ታገሉ። ይሄኔ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት፣ በፍቅር፣ በአክብሮት፣ ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ «እማማ፣ እሱ ግጥም እኮ ዘፈኑ ላይ የለበትም» አለቻቸው።

እትዬ ሰዓዳ ከበሮውን አስቀመጡት። ዘፈኑ ቀጠለ። መዝፈን ማቆማቸውን ከእኔና ከሙሽራዋ በቀር ያስተዋለ አልነበረም።

ኢክራም ልትወጣ ስትል እናቷ በር ላይ አንገቷን አቅፈው በጆሮዋ የሆነ ነገር አሏት፤ ያለ ከበሮ፣ በሹክሹክታ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ትከሻቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሻንጣዋን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ።

ምን አሏት አላችሁ? ሁለት ስንኝ ናት፤ እንደሷ ያለ ግጥም ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ልጽፍላችሁም ጀምሬ ነበር። ግን አውቃችኋለሁ፤ ትወዷታላችሁ።