ክቡር ሳይጠሩት አቤት

ሦስት አበሻ ተሰብስቦ በሚኖርበት በማናቸውም የዓለም ጥግ፣ አራተኛው የግድ «ሳይጠሩት አቤት» ነው። ይህን በዘፈቀደ አልተናገርኩም። በወጣትነቴ አራት ዓመት ፍልስፍና ተምሬ፣ ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ካይሮ ተቀምጬ ሳሰላስል የደረስኩበት ብቸኛው የማይናወጥ እውነት ነው። የሰው ልጅ ነፃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ዛሬም አላውቅም። ስትታመም ግን በርህን የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ስትድን ደግሞ «ምን አስቸኮለህ?» በሚል ዓይን የሚያይህም እሱው ነው።

የእኛው ሰፈር፣ የቡላቅ አል-ዳክሩር ክቡር ሳይጠሩት አቤት፣ እንዳለ ይባላል። ስሙ ይህ አይደለም፤ ይህ ከተማ እንደሱ ላለ ሰው ክፉ ቀን ስለማያጣ ስሙንና አንዳንድ ምልክቱን ቀይሬያለሁ። አርባ አራት ዓመቱ ነው። ማዓዲ ውስጥ አንድ ልብስ መተኮሻ ሱቅ ይሠራል። ከትኩስ ካውያ የተረፈውን ጊዜውን በሙሉ የሚያጠፋው በሰው ጉዳይ ውስጥ በመግባት ነው።

«ማሌሽ፣ ደርሻለሁ!» ይላል በሩ ላይ ቆሞ። ማሌሽ ማለቱ ለመዘግየቱ ይቅርታ መጠየቁ ነው። ማንም እንዳልጠራው፣ ያልተጠራ ሰው ደግሞ ሊዘገይ እንደማይችል ብዙ ጊዜ ላስረዳው ሞክሬያለሁ። በአመክንዮ የሚረታ ሰው አይደለም።

አምና የሐሞት ጠጠር ሲያሠቃየኝ ሳልነግረው መጣ። ሐኪሙ ዘንድ አብሮኝ ገባ። እኔ በተማርኩት ዐረብኛ ሕመሜን በጨዋ ደንብ ሳስረዳ አላስችል አለውና አቋረጠኝ። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ዶክተር፣ ጋሼ አፍረው ነው እንጂ በቀን ሰባት ጊዜ ነው ሽንት ቤት የሚሄዱት!» በሩ ክፍት ነበር። ውጭ ወረፋ የያዙት ሰዎች ስወጣ በአክብሮት መንገድ ለቀቁልኝ።

ሽማግሌ ሲሞትብን ደግሞ ካውያውን ይዞ ይመጣል። የሬሳውን መገነዣ ሳይተኩስ አያስወጣም። «ዕድሜውን ሙሉ ተጨማዶ የኖረ ሰው ተጨማዶ አይቀበርም» ይላል። እንደኔ ቢሆን ይህ ዐረፍተ ነገር አንድ የፍልስፍና መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ብቻውን ቢሆን ባልከፋ። ክቡርነቱ ሠራዊት አለው። ዘጠኝ ናቸው፤ ራሳቸውን «ደራሾች» ይላሉ። እንዳለ ወንድን የሚያፈቅር ወንድ ነው። ደራሾቹም እንደሱ ያሉ ወንዶች፣ ሴትን የሚያፈቅሩ ሴቶች፣ እንዲሁም በወንድነት ያሳደጓት፣ በስደተኛ ወረቀቷም ላይ የወንድ ስም ተጽፎባት የቀረችው ሕይወት የምትባል ሴት ናቸው። አብዛኞቹን የገዛ ዘመዶቻቸው ከቤት ያስወጧቸው ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን የተባረሩትን ሰብስቦ ያጽናናቸው ነበር። እንዳለ ግን ሰብስቦ የሥራ ተራ አወጣላቸው። ለአዲስ መጪ ዐረብኛ ያስተምራሉ፤ ስደተኞች ቢሮ በር ላይ ለአሮጊቶች ወረፋ ይይዛሉ፤ ኒው ካይሮ ቪላ ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችን ሲታመሙ ሐኪም ቤት ያደርሳሉ።

ተዋበች የምትባለውን ጎረቤታችንን አከራይዋ ያስወጣት ዕለት፣ እንዳለ ፍሪጇን በጀርባው አዝሎ ወደ አዲሱ ክፍሏ አምስት ፎቅ ሲወጣ ከኋላው ተከተልኩት። የተከተልኩት ልረዳው አይደለም፤ ወገቤን ያመኛል። ሐሳብ ላካፍለው ብዬ ነው።

«እንዳለ፣ ለምን አንድ ስብሰባ ጠርታችሁ ስለ እኩልነታችሁ አትናገሩም?» አልኩት ሦስተኛው ፎቅ ላይ።

«እንናገራለን እንጂ ጋሼ» አለ እያለከለከ። «መጀመሪያ ፍሪጁ ይግባ።»

በዚህ ዓለም ላይ እሱ የገባበት ቤት አልገባም ብለው የማሉ አንዲት ሴት ነበሩ፤ የእድራችን ምሰሶ እትዬ ጽጌ። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን በሆኑ ማግስት በራቸውን ማን እንዳንኳኳ መናገር አያስፈልገኝም። ሾርባ ይዞ ነበር። ቀምሰው «ጨው በዝቷል» ብለው መለሱት። በማግስቱ «ጨው አነሰው» ብለው መለሱት። በሦስተኛው ቀን ሾርባውን አልጫ፣ ጨውን ለብቻው በወረቀት ጠቅልሎ ወሰደላቸው። አሥራ ሁለት ቀን ተመላለሰ። እትዬ ጽጌ ድነው በተነሱ ጊዜ መሐላቸውን አላፈረሱም፤ እሱ ነው እንጂ የገባባቸው እሳቸው መች ገቡ!

እኔ የዚያ እድር ጸሐፊ ነኝ። አሁን ወደማፍርበት ነገር ልግባ።

ባለፈው ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ እንዳለ ቤቴ መጣ። ማሌሽ አላለም። መጻሕፍቴን አላስተካከለም፤ ጋዙን መዝጋቴን አላየም። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ፈራሁ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ኢስሓቅ የልብ ኦፕራሲዮን ይሆናል።»

ኢስሓቅ ልብስ ሰፊ ነው። ከእንዳለ ጋር በአንድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። እግዜር ሁለቱን ሲፈጥር ምላስን በእኩል ማካፈል ረስቷል። እኔ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ኢስሓቅ ሲናገር የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም የእግዜር ሰላምታ ነበሩ።

«የእድሩን መዝገብ ያሳዩኝ» አለኝ። አሳየሁት። ከእንዳለ ስም ትይዩ፣ በራሴ የእጅ ጽሕፈት፣ «ኢስሓቅ፤ የአክስት ልጅ» ይላል።

«ለመሆኑ አክስቴን ያውቋታል?»

«አላውቃትም።»

«እኔም አላውቃት። አክስት የለኝም።»

ገመናውን ልሸፍንለት ብዬ እንደጻፍኩት ነገርኩት። እኛ እንዲህ ነን፤ ጎረቤታችን ራቁቱን ነው ብለን ከገመትን ሳንጠይቀው ጋቢ እንወረውርበታለን። እሱ ግን ለብሶ ነበር።

«የምን ገመና?» አለኝ።

ደንባችን እንዲህ ነው። የቤት ሰው ሲሞት የእድሩ አዳራሽ ይከፈታል፤ እድርተኛው ሁሉ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ለሩቅ ዘመድ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ልቅሶ ደርሶ መመለስ ነው።

«ያዕኒ፣ ሰኞ ክፉ ቢመጣ እኔ የሩቅ ዘመድ ነኝ» አለ። «ሰው ነፍስ ይማር ብሎኝ ይሄዳል። ማክሰኞ ሸሚዝ ልተኩስ እገባለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ይኼው ነው?»

«አይዞህ» አልኩት። «ዓርብ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። ለዚህ ሕዝብ ያልሆንከው የለም። የተሸከምከውን፣ ያስታመምከውን፣ የቀበርከውን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህ ሰው ይገባዋል እላለሁ።»

ካወቅሁት ጀምሮ እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«ኸላስ፣ ይተዉት! እንዲያ ብለው ከሆነ አያንሱልኝ። ፍሪጅ የተሸከምኩት ለዚህ መግዣ ነው? ባልሸከምስ? ሰነፍ ብሆንስ? አንድም ቀን ሬሳ ሳይሸከም የተመዘገበ ሰው እድራችን ውስጥ የለም?» ብሎ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። ወገቤን እንደሚያመኝ ከላይ ተናግሬያለሁ። «እሱ ሰው ስለሆነ ብቻ ነው የተመዘገበው። እኔንም እንደዚያው ይመዝግቡኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን ትለፋለህ?»

«ስለሚያስፈልግ ነዋ! ደግሞ ሰው የማያውቀውን ይፈራል። ፍሪጁን አዝዬ ስገባ ያየኛል፤ ካየኝ በኋላ ጭራቅ ነው ቢሉት ይስቃል። መታየቴ በሥራዬ ነው። መብቴ ግን የሥራዬ ደሞዝ አይደለም።»

አራት ዓመት የተማርኩትን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ መምህር አልነበረኝም።

ዓርብ ከሰዓት፣ በየቤቱ የሚሠሩት ሁሉ ዕረፍት በሆኑበት ሰዓት፣ አዳራሹ ሞላ። በመዝገብ ላይ የሚደረግ ለውጥ ለጉባኤው ጮክ ተብሎ ካልተነበበ አይጸናም። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እርማት» ብዬ አነበብኩ። «በጸሐፊው ስህተት የአክስት ልጅ ተብሎ የተመዘገበው ኢስሓቅ፣ የእንዳለ የቤት ሰው፣ የትዳር ጓደኛው ተብሎ ይያዝ።»

እኩሌታው ሰው እንዳለን፣ እኩሌታው እትዬ ጽጌን ዞሮ አየ።

«ነውር!» አሉ እትዬ ጽጌ ተነስተው። «ጸሐፊው አርጅተዋል! ከልብ አርጅተዋል!»

«አርጅቻለሁ» አልኩ። «አንቀጽ ስድስትን ግን አልረሳሁም። ‹በስደት ላይ የቤት ሰው ማለት፣ አባሉ የቤቴ ሰው ነው ብሎ ያስመዘገበው ነው።› ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እኔው ነኝ የጻፍኩት። እትዬ ጽጌ፣ ለማን ነበር የተጻፈው?»

የተጻፈው ለእሳቸው ነበር። በስደት መንገድ ላይ ያገኟትን ማርታን፣ ሥጋም ወረቀትም ሳያዛምዳቸው፣ ልጄ ብለው ሊያስመዘግቡ በመጡ ጊዜ።

«የኔዋ ሌላ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ያሳደግኳት ልጄ ናት።»

«ያን ጊዜ ማን ወለዳት ብሎ የጠየቀዎት አለ?»

«የለም።»

«እኔም ዛሬ የምጠይቀው የለም።»

አራት ሰዎች ወጥተው ሄዱ። በሩን ደርግመው ነው የወጡት። ከአራቱ አንዱ ቁልፉን ረስቶ ተመለሰና፣ ሁለት ጊዜ ተቆጥቶ መውጣት ከበደው መሰለኝ፣ ተቀመጠ። እትዬ ጽጌ አልወጡም፤ አልተቀመጡምም። ከዚያ ተዋበች፣ የፍሪጇ ባለቤት፣ ከኋላ ሆና «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀች። ድምፅ መስጠት ማለት ይኼ ነበር። ሰዉ ሰዓቱን በየስልኩ መዘገበ።

ኢስሓቅ ብድግ ብሎ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ። «አመሰግናለሁ። ምግብ እንዳታመጡ፤ የምበላ አይደለሁም።»

ሰኞ ጠዋት በማይክሮባስ ሆስፒታል ስደርስ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። እንዳለ በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሸሚዙ አልተተኮሰም። ያን ያህል ፈርቶ እንደነበር ያወቅሁት ከሸሚዙ ነው።

«ጋሼ! ማን ጠራዎት?»

«ማሌሽ» አልኩት። «ደርሻለሁ።»

ከኔ በኋላ ደራሾቹ መጡ። ተዋበች መጣች። ማርታ መጣች። ቁልፉን ረስቶ የነበረውም መጣ። እንዳለ ወንበር ሊያመቻች፣ ወረፋ ሊያስይዝ፣ ውኃ ሊያመጣ በተነሳ ቁጥር ሕይወት ትከሻውን ይዛ ታስቀምጠዋለች። ሲደረስለት መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነው፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ሃያ ስድስት ሆንን። ነርሷ ከኮሪደሩ ልታስወጣን ሦስት ጊዜ ሞክራ ተስፋ ቆረጠች።

በመጨረሻ የከዘራ ድምፅ ሰማን። እትዬ ጽጌ በዚያ በተጠገነ ጉልበታቸው ደረጃውን ወጥተው፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዘው፣ ሃያ ሰባተኛ ሆነው ብቅ አሉ።

«ሐሳቤን አልቀየርኩም» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«አልጠየቅኩዎትም እትዬ» አለ እንዳለ።

«ይኼ ለበሽተኛው አይደለም። ለአስታማሚው ነው። ብላ!»

አንድ ማንኪያ ቀመሰ። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ «ጨው አነሰው» አለ።

እትዬ ጽጌ ቦርሳቸውን ከፍተው በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አወጡ። አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት አልተነሱም።

አንባቢዬ እንዳይጨነቅ አስቀድሜ ልንገር፤ ኢስሓቅ ይህን ስጽፍ ሱሪዬን እያሳጠረልኝ ነው፤ አራተኛ ንግግሩን ያደረገውም ስለ ሱሪዬ ርዝመት ነው። እኛ ግን ያን ጊዜ ይህን አናውቅም ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ የኦፕራሲዮኑ ክፍል በር ተከፍቶ ሐኪሙ ወጣ፤ ኮፍያውን አወለቀና በዐረብኛ፣ «የኢስሓቅ ቤተሰብ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሃያ ስድስታችን ተነሳን። እኔ በዚህ ወገቤ ተነሳሁ። ሐኪሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

አንድ ሰው ብቻ አልተነሳም። ለሁላችን ሳንጠራው ሲደርስ የኖረው ሰው፣ አግዳሚው ላይ ቀርቶ ሐኪሙን እያየ ነበር። እትዬ ጽጌ ያልተተኮሰ እጅጌውን ጨምድደው ያዙና ወደ ላይ ሳቡት።

«ተነስ እንጂ አንተ!» አሉ። «አንተን እኮ ነው የሚጠሩት።»