ወባ የያዘው ካፖርት

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። እሺ... እናትየዋ ራሷ ፈሪ ስትሆንስ ለማን ትሁን? ይህን የተረተ ሰው አላሰበበትም። እኔ አስቤበታለሁ። የፈሪ እናት ልጅ በብርድ አትሞትም፤ በሙቀት ግን ልትሞት ምንም አይቀራት።

አትሳቁ! ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ሱዳኖቹ እርስ በርሳቸው ከታረቁ ወዲህ። ያኔ የምንኖረው ጂካዎ ነበር። ጂካዎን ለማታውቁ፦ ከጋምቤላ ባሮን ይዛችሁ ወደ ታች ትወርዳላችሁ፣ ትወርዳላችሁ... አገር ሊያልቅ ሲል እኛ ቤት ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ነው። ከወንዙ ማዶ ሱዳን። ባለቤቴ ታደሰ ልብስ ሰፊ ነው። የለበሱትን በሚያስጥል ሙቀት ውስጥ ልብስ ሊሰፋ የወረደ ሰው ነው እንግዲህ፤ ከእሱ ጋር ስኖር እኔ ብፈራ ምን ይገርማል?

ደግሞም እፈራለሁ። አዞ እፈራለሁ። ታንኳ እፈራለሁ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሳይ ሳልሰርቅ የሰረቅሁ ይመስለኛል። መርፌማ አይነሳብኝ! ያን ሰሞን ግን ሁሉንም የሚያስረሳ ፍርሃት መጣብኝ፤ የጎሬ ብርድ።

አንዲት ልጅ አለችን፣ ውብነሽ። ስድስተኛን ጨርሳ ጎሬ እህቴ ዘንድ ሆና ልትማር ነው። እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ክረምቱን አውቀዋለሁ። ጭጋጉ በር አያንኳኳም፣ ገብቶ አልጋ ላይ ይተኛል። ልጄ ደግሞ ጂካዎ ተወልዳ ጂካዎ ያደገች፣ ብርድ የሚባለውን በወሬ ብቻ የምታውቅ።

«እማዬ፣ ብርድ ያማል?» አለችኝ አንድ ቀን።

እስቲ ይህን ሰምታችሁ ተኙ!

ወደ ጋምቤላ የሚወስዳት ጀልባ ሰኞ ነው የሚነሳው። ጂካዎ ገበያ ወጥቼ ካፖርት ብዬ ብጠይቅ ነጋዴው «ደህና ነሽ ግን?» አለኝ። በቃ፣ ቅዳሜ ማለዳ ሦስታችንም በታንኳ ማዶ ተሻገርን።

ማዶ ያሉት ሐጂ ሱቅ ውስጥ ካፖርት ተሰቅሏል። ካፖርት ብላችሁ ካፖርት! የእንግሊዝ ወታደር ጥሎት የሄደ፣ ወፍራም ሱፍ፣ ብቻውን ቢያቆሙት የሚቆም።

«ሐጂ፣ ይህ እዚህ ከተሰቀለ ስንት ጊዜው ነው?» አልኳቸው።

«ከአባቴ ነው የወረስኩት» አሉኝ። ስገዛው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንድ ብርድ ልብስና ሁለት ሹራብም ጨመርን።

አሁን መመለሱ አለ። ወዲህ ማዶ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ፊናንስ አለ፤ ፊናንስ ማለት ቀረጥ የሚጠብቀው ፖሊስ ነው። ካፖርቱን ቢወርሰውስ?

«አታስቢ» አለ ታደሰ። «የለበሱት ልብስ ቀረጥ የለበትም። ሕግ ነው።»

«የት ተጽፎ?»

«ተጽፏል አሉ።»

በዚህ ሕግ መሠረት እኔ ካፖርቱን ለበስኩ። ታደሰ ብርድ ልብሱን ከወገቡ እስከ ጭኑ ጠምጥሞ፣ ሰፊ ሱሪውን በላዩ ላይ አጠለቀ። ውብነሽ ሁለቱን ሹራብ ደረበች። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማለች።

ታንኳውን የሚቀዝፈው ጋትሉዋክ የሚባል ኑዌር ጎረቤታችን ነው። ከላይ እስከ ታች አየን። ታንኳውን ገፋ። ወንዙ መሃል ስንደርስ እጄ የታንኳውን ጠርዝ እንደ ነፍሴ መያዙን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፦

«እናቴ፣ አዞ አትፍሪ። ይህን ለብሰሽ አይበላሽም። ሱፍ ጥርሱ ውስጥ ይገባል።»

ኬላው ደረስን። ፊናንሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለን። ሰው አክባሪ ወጣት ነው፤ ይህ ነው ጉዱ! ክፉ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር።

«እትዬ፣ ምነው? ላብዎ እንዲህ እየወረደ በዚህ ሐሩር ካፖርት?»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እንዲሉ፣ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንቀጥቀጤን ሳይ አፌ ብቻውን ሠራ።

«ወ... ወባ ነው ልጄ። ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«እኔንም» አለ ታደሰ ፈጠን ብሎ።

«ልጅቱስ?»

«እሷንም። ያው... ከቤተሰብ አትለይም» አለ ታደሰ።

ፊናንሱ ፊቱ ተለወጠ። «እናቴን የነጠቀኝ ወባ ነው፤ በዋዛ አላየውም» አለ። አያችሁ ኃጢአት? ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ተጣራ። «ኦኬሎ! ና ቶሎ! ሦስት በሽተኛ!»

ኦኬሎ የአካባቢው ተወላጅ፣ አኙዋክ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊው ነው። ክሊኒኩ ከኬላው ጎን መሆኑን ድንጋጤው አስረስቶኛል። በዚያ አገር ሰው የሚዋሽበት በሽታ ሞልቶ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ጠንቅቆ የሚያውቀውን ወባ የምመርጥ እኔ ብቻ ነኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በሽታ የሌለውን ግን መድኃኒቱ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ኦኬሎ ግንባሬን ነካ። ያ ካፖርት ውስጥ ለገባ ሰው ግንባር ምን ይሆናል?

«በጣም ይፈጃል። ልብስ ይውለቅ፣ መርፌ ይወጋል» አለ።

«አይወልቅም!» አልኩ። ከወለቀ ከገላዬ ወጣ፤ ከገላዬ ከወጣ ቀረጥ መጣ፤ ቀረጥ ከመጣ ልጄ ጎሬ ላይ በረዶ ሆነች። «ገለጥ አድርገህ ውጋኝ።»

ዕድሜ ልኬን የሸሸሁትን መርፌ፣ ጤነኛ ሆኜ፣ ለምኜ መቀመጫዬ ላይ ተወጋሁ። ጩኸቴን ማዶ ያሉት ሐጂ ሰምተው «ካፖርቱን ልትመልስ ነው» ብለው ሳይደነግጡ አልቀሩም።

ቀጥሎ ታደሰ ነው። እሱም አላወልቅም አለ፤ መርፌው በሱሪው ላይ ገባ። ታደሰ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«ወንድ!» አለ ፊናንሱ።

የገባው ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው! መድኃኒቱን ጥርግ አድርጎ የጠጣው ብርድ ልብሱ ነው። ሰውየው ግን እስከ ዛሬ በጀግንነቱ ይመሰገናል፤ አንድም ቀን «ኧረ እኔ አይደለሁም» ሲል አልሰማሁትም።

«አሁን ትንሽቱ» አለ ኦኬሎ፣ መርፌውን ወደ ላይ አንሥቶ። ፊናንሱም ጨመረበት፦ «እንግዲህ እስክትድን ከዚህ አትነቃነቅም። ሰኞ በሚነሳው ጀልባ አንዲትም በሽተኛ አናሳፍርም።»

ውብነሽ ዓይኗ በእኔ ላይ ፈጠጠ። ትምህርት ቤቱም ሊቀር፣ ጤነኛ ልጄም ልትወጋ! የዚያን ጊዜ ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ካፖርቱን አውልቄ ፊናንሱ ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። ጠረጴዛው ተንቋቋ።

«ልጄ ምንም የላትም! እኔም የለኝም! እሱም የለውም፣ ብርድ ልብስ ነው የተጠመጠመው! ካፖርቱ ለጎሬ ብርድ ነው። ከፈለጋችሁ ውረሱት፣ እሰሩኝ፣ ልጄን ግን እንዳትነኩ!»

 ፊናንሱ ካፖርቱን አነሣ፣ መዘነው፣ አንገቱን ነቀነቀ።

«ጎሬ አንድ ክረምት ሠርቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህም ቢሆን ይበቃታል ብለው ነው? እትዬ፣ ለልጅ የተገዛ አንድ ካፖርት እኮ ቀረጥ የለበትም። በእጅዎ አንጠልጥለው ቢመጡ አላይዎትም ነበር። እኛ የምንይዘው የነጋዴ ጣቃ ነው።»

ታደሰ ወንዙን ማየት ጀመረ።

እኔ ወደ ኦኬሎ ዞርኩ። «አንተስ? ድሬሰር አይደለህም? ጤነኛ መሆኔ አልታየህም?»

«ታየኝ» አለ። «ወባ ሦስት ሰው በአንድ ደቂቃ አያንቀጠቅጥም።»

«ታዲያ ለምን ወጋኸኝ?»

«አንቺ ታመምኩ አልሽ። እናት አይዋሽም።»

ምን ትላላችሁ?  ላመሰግናቸው ወገቤን ይዤ ጎንበስ ስል፣ ኦኬሎ መዝገቡን አሳየኝ። ስሜ በቀለም ገብቷል፤ «ወባ» ይላል።

«በቀለም የተጻፈ አይጠፋም። ሦስት ቀን ነው። ጀመርን፣ እንጨርሳለን። ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያም ነይ።»

የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው እንደምፈራ ነግሬያችኋለሁ፤ የድሬሰር ነጭ ጋዋንም ያው የደንብ ልብስ ነው፤ እሁድም ሰኞም ሄድኩ። ውብነሽ ካፖርቷን ታቅፋ በጀልባ ስትሸኝ ሌላዋ እናት ወንዙ ዳር ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እኔ ቆሜ አለቀስኩ።

ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ «ያ ካፖርት እኮ ያለ ቀረጥ ነው የገባው» ይሉኛል። ኧረ ተከፍሎበታል! ሦስት ጊዜ! ደረሰኙም አለኝ... የት እንዳለ ግን ፊናንስ ቢመጣም አላሳይም።